ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ፊልምና ስለ ጣራ ገዳም አዋሳኝ ገበሬ

ጄረሚ ሰይፈርት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች» የተባለው አጭር ፊልም፥ የደን ሊቅ የሆኑትን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን መሪ አድርጎ፥ ቤተ ክርስቲያናችን ዛፍን እንዴት እንደ ጠበቀች ለዓለም ያሳያል። ሥራው ምስጋና የሚገባው ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት ያለበት መስሎ ስለ ታየን አሳባችንን ለአንባብያን እናቀርባለን።

የፊልሙ ውበት ከሰማይ በተነሣው ሥዕል ላይ ነው፤ ታርሶ በተራቆተ መሬት መካከል ክብ ሆኖ የቀረው ደን ልብን ይነካል። ነገር ግን ከሰማይ ሲታይ የደኑ ዳር ተራ መስመር ይመስላል። በምድር ላይ ግን ያ መስመር የአንድ ገበሬ ማሳ የሚያልቅበትና የከብቱ ግጦሽ የሚጀምርበት ነው። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በአዲስ ዘመን አጠገብ ያለውን የጣራ ገዳምን ደን ለሚያስብ ሰው፥ ዋናው ጥያቄ ያለው በዚሁ ዳርቻ ነው።

በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና፥ ፎርት ብራግ በተባለው የጦር ሠፈር አካባቢ፥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ባለመሬቶች በውዴታቸው ጥድ እየጠበቁ ለግንደ ቆርቁር ወፍ መኖሪያ ይሰጣሉ፤ በምላሹም ተጨማሪ የሕግ ገደብ እንዳይጣልባቸው መንግሥት ቃል ይገባላቸዋል። ውዴታው በውል የተጻፈ ነው፤ ለመዋዋልም የመሬት ባለቤት መሆን ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም የሰሞን መሬቷን አጣች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደንግጓል። ደኖቹ ግን ቀሩ። እንግዲህ ያቆያቸው የባለቤትነት ወረቀት ሳይሆን የቦታው ቅድስናና የጎረቤቱ ፈቃድ ነው።

አንዳንዶች እምነት ብቻውን ይበቃል ይሉ ይሆናል። በቂ ቢሆን ኖሮ የድንጋይ ካብ ባላስፈለገ ነበር። ዶክተር ዓለማየሁ ራሳቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው፥ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማያሳድግ አስረድተዋል። ሰው ግዝት ይፈራል፤ ከብት ግን ግዝት አያውቅም። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ፍጥረት ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ካብ ማሠራታቸው ትክክል ነው። ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም ገበሬውም ይጠቀማል።

ነገር ግን ካቡ ሣሩንም ይዘጋል። በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ተስፋፍቶ የወል ግጦሹን አጥብቦታል፤ በስሙ የታወቀው የፎገራ ከብትም ተቸግሯል። ሣር እንዲህ በጠበበበት አገር፥ በደን አዋሳኝ ያለው ገበሬ ከብቱን ከደን ሲያስወጣ የሚከፍለው ዋጋ እውነተኛ ነው። አሜሪካዊው ባለመሬት በውል መተማመኛ ሲያገኝ፥ የእኛ ገበሬ ያለ ውልና ያለ ካሳ ይሰጣል። ፊልሙ ስለ ካህናቱና ስለ ዛፎቹ በሚገባ ይናገራል፤ የዚህ ሰው ድርሻ ግን ጎልቶ አይታይም።

ስለዚህ ወደ ጣራ ገዳም ለጥናት የሚሄዱ ጓደኞቻችን ዛፍ ሲቈጥሩ፥ በዳርቻው ያለው ገበሬ ስንት ከብት እንዳለውና በበጋ የት እንደሚያሰማራ አብረው ይጠይቁ። ለደኑ የሚመጣ ገንዘብም ከካብ ቀጥሎ ለመኖ ይዋል። ፈቃዱ የተረሳ ጎረቤት አንድ ቀን ፈቃዱን ቢያነሣ፥ ደኑን ከሰማይ የተነሣ ሥዕል አያድነውም።