ስም የሌለው ፍጡርና የስለት ልጅ

ከአዳማ ወደ መተሐራ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ሲደርስ ምድሩ ይጠቁራል፤ ከፈንታሌ ግርጌ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ቀዝቅዞ፣ ዐለት ሆኖ ተከምሯል። የፈሰሰው ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን ባሳተመችበት ዘመን፣ በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ልብ ወለዱም ራሱ የእሳተ ገሞራ ውለታ አለበት። በ1815 የኢንዶኔዥያው ታምቦራ ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለጋረደ፣ አውሮፓ በ1816 ሞቃት ወራቷን አጣች። በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ዝናብ ያገዳቸው ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ ለመጻፍ ተፎካከሩ። የ18 ዓመቷ ሜሪ ያን ጊዜ የጀመረችው ድርሰት በ1818 ታተመ።

ጎቲክ የሚባለው ስልት ሌሊትን፣ መቃብርንና የተደበቀ ኃጢአትን ይወዳል። ሮማንቲክ የሚባለው ደግሞ ተፈጥሮን፣ ብቸኝነትንና ገደብ የማያውቅ ምኞትን። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ከመቃብር አጥንት ለቅሞ ሕይወት ሲዘራ በመጀመሪያው ዓለም ነው፤ ፍጡሩ በአልፕስ በረዶ ላይ ቆሞ ፈጣሪውን ሲሞግት በሁለተኛው። የድርሰቱ ብርታት ሁለቱን ማገናኘቱ ነው። አስፈሪው ፍጡር በግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቀ ቋንቋ የተማረ፣ ሚልተንን ያነበበ፣ ፍቅር የለመነ ነው። ቪክቶር ግን ፍጡሩ ዐይኑን በገለጠባት ሌሊት ጥሎት ሸሸ፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። ብዙ ሰው ፍጡሩን «ፍራንከንስታይን» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነው፤ ግን ፍርድ አለበት። አባት የነፈገውን ስም አንባቢ ሰጠው።

«ግንብ በሌለበት አገር ጎቲክ አይበቅልም» የሚል ሰው ጎንደርን ረስቷል። ይሁንና ቁም ነገሩ ግንቡ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንመልከት። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለዘር ክብር ሲል ልጁን በአጥር ውስጥ የሚያስቀር ቤት ነው፤ ፍቅሩ በስውር ያድጋል፤ መድረሻውም በርእሱ ተነግሯል። በዛብህን ወደ ሜሪ ሼሊ ፍጡር የሚያቀርበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ሳይጠየቁ ዕጣቸው ተቆርጦላቸዋል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ስለቱ እንደ ጥላ ይከተለዋል።

ልዩነቱም እዚሁ ላይ ነው። ቪክቶር ፍጡሩን በመጥላት ያጠፋዋል፤ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን በመውደድ ያስሩታል። የኛው ይበልጥ ያስፈራል እላለሁ። የሚጠላን አባት መክሰስ ይቻላል፤ ፍጡሩም ከስሷል። የሚወድን ወላጅ ግን ማን ፊት ያቆሙታል?

በርግጥ «ፍቅር እስከ መቃብር» አስፈሪ ልብ ወለድ አይደለም፤ ጉዱ ካሣ የሚሞግተው ከሙት መንፈስ ጋር ሳይሆን ከሥርዓት ጋር ነው። ነገር ግን የአስፈሪ ድርሰት ዘር በቤታችን እንዳለ ያሳየናል። የስምጥ ሸለቆ ወጣት ደራሲ ጥቁሩ ዐለት በደጁ ነው፤ የባዕድ ግንብ መዋስ አያሻውም። ሳይጠየቁ ዕጣ የተቆረጠላቸውን ልጆች ይመልከት፤ ፍርሃቱን እዚያ ያገኘዋል።