አራት ጊዜ የመጣው ሰው፤ ስለ ማኮ የቴሌቪዥን ሚናዎች ጥቂት ሒስ

ባለፈው ሰሞን አምስት ስድስት ሆነን ዶርም ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን «ማሽ» የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም እናይ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በድንኳን ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ የአሜሪካ ሐኪሞች ታሪክ ነው፤ ከ1972 እስከ 1983 የታየ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሦስተኛው ማታ ከመሀላችን አንዷ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ቻይናዊ ነበር!» ብላ ጮኸች። ወደ ኋላ መልሰን አየነው። እውነቷን ነው። የቻይና ጦር ሐኪም የነበረው ሰው አሁን የደቡብ ኮሪያ መኮንን ሆኖ ቁጭ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰሜን ኮሪያዊ ወታደር ሆኖ ጠመንጃውን ደግኖ መጣ። ሳቅን። መከራከር የጀመርነው ከሳቁ በኋላ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የዚያ ክርክር ትራፊ ነው።

ሰውዬው ማኮ ይባላል። ሙሉ ስሙ ማኮቶ ኢዋማትሱ ነው። ቻይናዊም ኮሪያዊም አይደለም፤ በ1933 ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ የተወለደ ጃፓናዊ ነው። ወላጆቹ ሠዓሊዎች ነበሩ። የጃፓንን የወታደር አገዛዝ በመቃወማቸው ታስረዋል፤ እናቱ ወህኒ ስትገባ እሱን አርግዛ ስለነበር ልጁ ገና ሳይወለድ ታስሮ የወጣ ሰው ነው ማለት ይቻላል። በ1939 ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ለአያቱ አደራ ሰጥተው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ጦርነቱ ሲመጣ እነሱ ከአሜሪካ ወገን ሆነው በጃፓን መንግሥት ላይ ለሚደረገው ቅስቀሳ ሠሩ፤ ልጁ እዚያው ጃፓን ከአያቱ ጋር ቀረ። የተገናኙት ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1949 ነው። ያኔ ማኮ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር።

ተዋናይ ለመሆን አላሰበም። አርክቴክት ሊሆን ኒው ዮርክ ፕራት ኢንስቲትዩት ገባ። አንድ ጓደኛው ለሕፃናት በሚቀርብ ተውኔት የመድረኩን ንድፍና መብራቱን እንዲሠራለት ይለምነዋል፤ እሱም እሺ ይላል። አለቀ! ከዚያ ወዲያ ክፍል መግባቱን ረሳው። በተማሪነቱ ከውትድርና ተርፎ የቆየው ልጅ ከትምህርት መቅረት ሲያበዛ መብቱ ተሰረዘበትና ወታደር ቤት ገባ። (በድራማ ልምምድ ሰበብ ከላብ የምትቀሩ ወዳጆቻችን፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡልን።) በውትድርናው ጃፓንንና ኮሪያን አየ፤ ሲመለስ አርክቴክቸሩን ትቶ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና ውስጥ ትወና ተማረ።

ተማረና ምን አገኘ? በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እስያዊ መልክ ላለው ተዋናይ የሚሰጠው ሥራ በጣት ይቆጠራል፦ አሳላፊ፣ ልብስ አጣቢ፣ አትክልተኛ፣ ካራቴ የሚማታ ወንበዴ። ትልቁን ሚና ነጩ ተዋናይ ዓይኑን በቅባት ተኩሎ ይጫወተዋል። በ1961 በወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ሚኪ ሩኒ ጥርሱን አግጦ ጃፓናዊ ሆኗል፤ ከ1972 እስከ 1975 በታየው «ኩንግ ፉ» ደግሞ የግማሽ ቻይናዊውን መነኩሴ ዋና ሚና የያዘው ዴቪድ ካራዲን ነው። ማኮ በዚያው ተከታታይ ውስጥ በእንግድነት ብቅ ይላል። «ማክሄልስ ኔቪ» በተባለው የባሕር ኃይል ቀልድም ገብቷል፤ በ1966 «ግሪን ሆርኔት» ላይ ከብሩስ ሊ ጋር የሚፋለም ክፉ ሰው ሆኗል። በዚያው ዓመት «ዘ ሳንድ ፔብልስ» በተሰኘው ፊልም ከስቲቭ ማክዊን ጎን ፖ ሃን የተባለ ቻይናዊ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ሆኖ ተጫወተና ለኦስካር ታጨ። በእኛ ግምት እንዲህ ያለ ዕጩነት ለሌላው ተዋናይ አዲስ በር ይከፍት ነበር። እሱ ግን በሄደበት በር ተመልሶ ገባ፤ እንግዳ ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ ደህና ዋል።

አሁን ወደ «ማሽ» እንመለስ፤ ክርክራችን ያለው እዚያ ነውና። ማኮ በዚህ ተከታታይ አራት ጊዜ መጥቷል፤ አራቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ። በ1974 ቁስለኛ ምርኮኞችን ሊያስረክብ የመጣ የቻይና ሐኪም ነው። በ1976 የኮሪያ ሻለቃ ነው። በ1979 አንዲትን የቆሰለች ሴት ሽምቅ ተዋጊ ነሽ ብሎ ከሕክምና አልጋዋ ወስዶ ሊመረምራት የሚጠብቅ የደቡብ ኮሪያ መኮንን ነው። በ1980 ደግሞ ለእረፍት የሚጓዘውን ሐኪም ሆክአይን መንገድ ላይ ይዞ፣ የቆሰለ ጓዱን በግድ የሚያሳክም የሰሜን ኮሪያ ወታደር ነው።

አዘጋጆቹ ምን አስበው ይሆን? ከመሀላችን አንዱ «ምንም አላሰቡም፤ ችግሩም እሱ ነው» አለ። ተመልካቹ ፊቱን አይለየውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ብለው ነው የሠሩት። ኮሪያ ለእኛ በካርታ ብቻ የምናውቃት አገር አይደለችም፤ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ ተዋግተውባታል። ከዘማች አያት አፍ ወሬውን የሰማ ልጅ «ቻይና» እና «ኮሪያ» የሚሉት ቃላት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ለሆሊውድ ግን ሁለቱም ማኮን ደውሎ መጥራት ነበሩ። ይህን ነቀፌታ እንቀበላለን፤ አናለዝበውም።

ነገር ግን አራቱን ክፍሎች ተራ በተራ ስናያቸው ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ሰዎቹ አንድ አይደሉም! ቻይናዊው ሐኪም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሙያው ከወታደርነቱ የሚቀድምበት ሰው መሆኑን ከአቋሙ ታውቃላችሁ። የ1979ኙ መኮንን ጨካኝ ሊባል የተጻፈ ነው፤ ማኮ ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሆክአይ ሲጮህበት እሱ ይጠብቃል። ያ ትዕግሥቱ ከጩኸት የበለጠ ያስፈራል፤ ይህ ጦርነት ለአሜሪካዊው ሐኪም ጊዜያዊ ሥራ፣ ለእሱ ግን የገዛ አገሩ መሆኑን የሚናገረው ያ ዝምታ ነው። በጽሑፉ ላይ ይህ ነበረ ወይ? ያለ አይመስለንም። የ1980ው ወታደር ደግሞ በትከሻው ነው የሚጫወተው። ጠመንጃውን ሲደግን ትከሻው የተወጠረ ነው፤ ጓዱ ሲሞትበት ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ጠላቱ ሆክአይ መቃብሩን ሲቆፍር ያግዘዋል። ያቺን ትዕይንት ሳቅ ከሚያበዙት ከብዙዎቹ የ«ማሽ» ክፍሎች እናስበልጣታለን።

እዚህ ላይ ዶርሙ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ጥሩ መጫወቱ ጥፋቱን ያብሳል እንጂ አይቀንሰውም፤ አልጫወትም ማለት ነበረበት» ይላል። ተዋናይ እንቢ ካላለ ደራሲው መቼ ይነቃል? ሌላው ወገን «እንቢ ብሎስ? ጥርሱን ያገጠጠ ሩኒ ይመጣበታል» ይላል። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተማሪ ድራማ ውስጥ የዘበኛ ሚና ሲኖር የማንኛው ልጅ ስም ቀድሞ እንደሚጠራ፣ የአማርኛ አነጋገሩም ለምን እንደሚያስቅ ሁላችንም እናውቃለን። ተጫውቶ ተጨብጭቦለታል። ሌላ ሚና ግን አልተሰጠውም። ክርክሩ ሲደርቅ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው እሱ ነበር፤ ስንጠይቀው «እኔ እንቢ ብል ማንም አይጎድልበትም» ብሎ ወጣ።

ማኮ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሁለቱም ወገን መልስ የተለየ ነው። በ1965 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኢስት ዌስት ፕሌየርስ የተባለ የእስያ አሜሪካውያን ቴአትር መሠረተ። የመጀመሪያ ሥራቸው «ራሾሞን» ነበር፤ ቤታቸውም የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። ቴአትሩን የመሠረትነው ከአሳላፊና ከልብስ አጣቢ ሚና በላይ እንደምንችል ለማሳየት ነው ሲል በኋላ ተናግሯል። እስከ 1989 ድረስ በጥበብ ዳይሬክተርነት መራው። በ1981 በጦርነቱ ጊዜ የታጎሩት የአሜሪካ ጃፓናውያን ጉዳይ በመንግሥት ኮሚሽን ሲሰማ፣ የዓመቱን ተውኔቶች ሁሉ በዚያ ግፍ ላይ አደረገ፤ እሱ ራሱ ካምፕ ያልገባ ሰው ሆኖ። እንግዲህ በ1979ና በ1980 የ«ማሽ»ን ልብስ እየቀያየረ የለበሰው ሰው ማታ ማታ የሚመራው ቴአትር ነበረው። በቴሌቪዥኑ አንድ ፊት ለአራት ሰው ይበቃል ይባላል፤ በእሱ መድረክ ግን እስያዊ ተዋናይ ባልም አባትም ፈሪም ንጉሥም ይሆናል። አንዱ ሌላውን ደገፈው ብለን ብንጠረጥር አያስወቅሰንም። በርግጥ ይህን መንገድ ሁሉ ሰው አይችለውም፤ ቴአትር ማቋቋም ቀልድ አይደለም።

በብሮድዌይ በ1976 «ፓሲፊክ ኦቨርቹርስ» ላይ ለቶኒ ሽልማት መታጨቱን ጠቅሰን እንለፍ፤ የእኛ ነገር ቴሌቪዥን ነውና።

ቴሌቪዥን ለማኮ ሙሉ ሰው የሰጠው ፊቱን ሲተወው ነው። ያ ጎርናና፣ ከጉሮሮ ሥር የሚነሣ ድምፁ በ2001 «ሳሙራይ ጃክ» በተባለው የካርቱን ተከታታይ አኩ የተባለውን ጋኔን ሆነ፤ ያስፈራል፣ ያስቃልም። በ2005 ደግሞ «አቫታር ዘ ላስት ኤርቤንደር» ላይ አይሮ መጣ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ድምፁ የዚያ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ግን ከመሀላችን አንድም አልነበረም።

አይሮ የእሳት ሕዝብ የሚባለው ወራሪ መንግሥት የቀድሞ ጄኔራል ነው። ባ ሲንግ ሴ የተባለችውን ከተማ ስድስት መቶ ቀን ከቦ ልጁን እዚያ ያጣ፣ ከዚያ ወዲያ ጦርነት የተወ ሽማግሌ። አሁን ሻይ ያፈላል፣ ከተባረረው የወንድሙ ልጅ ጋር ይንከራተታል። «ይኸውላችሁ፣ ሻይ የሚጠጣው ጠቢብ እስያዊ ሽማግሌ! ያው የድሮው አሻንጉሊት ነው» የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። ምክሩ አንዳንዴ ይበዛል፣ ተረትና ምሳሌውም እንደ ሻዩ በየቦታው ይቀዳል። ግን እስቲ ድምፁን ብቻ አዳምጡት፤ ሲቀልድ ውስጥ ውስጡን የደከመ ሰው አለ። ወላጆቹ የጃፓንን ወታደራዊ መንግሥት ተቃውመው የታሰሩበት ሰው፣ በሰባ ዓመቱ የወራሪ መንግሥት ጄኔራል ሆኖ ሲጸጸት፣ ይህ አጋጣሚ ለእኛ ተራ አልሆነልንም። ማኮ ይህን አስቦ ተጫወተው አንልም፤ እኛ ስንሰማው ግን እንዲህ ነው የሰማነው።

ማኮ በጁላይ 2006 በሰባ ሁለት ዓመቱ በካንሰር ሞተ። በሴፕቴምበር የባ ሲንግ ሴን ታሪኮች የያዘው ክፍል ታየ። አይሮ ገበያ ይውላል፤ የሚያለቅስ ሕፃን በዘፈን ያባብላል፣ ሊዘርፈው የመጣን ጎረምሳ አቋቋምህ ልክ አይደለም ብሎ ያርመዋል። ሲመሽ ኮረብታ ላይ ወጥቶ የልጁን ሥዕል ያቆማል። ለሕፃኑ የዘፈነውን ያንኑ ዘፈን ይጀምርና ድምፁ ይሰበራል። ታሪኩ ሲያበቃ ለማኮ መታሰቢያ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል።

በልጅነታችን ያን ጽሑፍ ሳናነበው አልፈነዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ የአይሮን ድምፅ ግሬግ ባልድዊን ተካው። የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ግን አይሮ እስር ቤት ነው፤ የወንድሙ ልጅ እየመጣ ይለምነዋል፣ ይጮህበታል፣ አይሮ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ብዙ ጊዜ አይናገርም።