ሦስት ሰከንድ የማይበቃው ቅኝት

ኤፍሬም ረታና ባልደረቦቻቸው በ2023 (እ.ኤ.አ.) በፕሎስ ዋን ያሳተሙት ጥናት፣ ኮምፒውተር የኢትዮጵያን ቅኝቶች በ95 በመቶ ትክክለኛነት ለየ ይላል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ የሚያሳስበኝ ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ውጤት ነው።

ሥራው ምስጋና ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የአዝማሪ ዘፈንና ዘመናዊ ሙዚቃ የያዙ 600 ቅጂዎችን አምስት ባለሙያዎች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለው መድበዋል፤ ስብስቡም ለተመራማሪ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት በእጃችን የነበረው እንደ ኤሴንሺያ ካሉ የሙዚቃ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይብረሪዎች ጋር የሚመጣው የስኬል መለያ ነበር። እሱ የድምፆቹን ስርጭት ከአብነት ጋር አስተያይቶ ሜጀር ወይም ማይነር ብሎ ይፈርዳል። ከአብነቶቹ የታወቀውን ክሩምሃንስልና ኬስለር በ1982 ያገኙት የምዕራባውያንን ሙዚቃ ከለመዱ አድማጮች ነው። አንቺሆዬ እዚያ ቦታ የለውም።

ወደ ጥናቱ ልመለስ። ሊብሮሳን የመሰሉ ላይብረሪዎች ከአንድ ቅጂ ክሮማንም ኤምኤፍሲሲንም ያወጣሉ። ክሮማ ድምፁን በ12 የቃና ክፍሎች ይመድባል። ኤምኤፍሲሲ በአብዛኛው የቃናውን ከፍታ ትቶ የድምፁን ቀለም ይይዛል፤ ማሲንቆን ከክራር፣ አንዱን ዘፋኝ ከሌላው የሚለየውን ማለት ነው። ጥናቱ ሲያወዳድራቸው ያሸነፈው ኤምኤፍሲሲ ነው። የተሻለ ውጤት ያስገኘውም የ3 ሰከንድ ቁራጭ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ በምሳሌ እንየው። ትዝታ ማይነርን ከዶ እናንሣው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አምባሰልን ከሶል እናንሣው፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው። የሚለያያቸው ዜማው የት እንደሚያርፍ ነው። በ3 ሰከንድ ውስጥ አዝማሪው ገና አንዷን ድምፅ በጣቱ እያንሸራተተ ሊሆን ይችላል፤ ማረፊያው አልተሰማም። ታዲያ ሞዴሉ ምኑን ሰምቶ ፈረደ? ጸሐፊዎቹ ቅኝትን መለየት ስኬሉንና የሙዚቃውን ዓይነት አጣምሮ መለየት ነው ይላሉ። አልስማማም። አንድ አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ አራቱንም ይጫወታል።

ፈተናውን ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ላይ ማድረግ ይቻላል። በሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ማኅሌት ሲቆም አንዱ ቃል መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ኋላ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድና በጽፋት ይወጣል። ፍጥነቱና ቀለሙ ይለወጣል፤ ዜማው በመሠረቱ ያው ነው። ቁም ዜማውን ባቲ፣ ጽፋቱን አምባሰል የሚል ሞዴል ከበሮውን እንጂ ቅኝቱን አልሰማም። ሊቃውንቱ ራሳቸው ዜማቸውን ግዕዝ፣ ዕዝል፣ ዓራራይ ብለው ነው የሚመድቡት። ዘመናት የተማሩበትን አመዳደብ ዘልሎ ዜማቸውን በዓለማዊው ቅኝት መደርደር ድፍረት ነው።

ታዲያ ማረፊያው እንዴት ይገኝ? ኤሴንሺያ ለህንድ ሙዚቃ የተለየ መነሻ ድምፅ ፈላጊ አለው፤ የሚረዳውም ሳይቋረጥ የሚያስተጋባው ታንፑራ የተባለው መሣሪያ ድምፅ ነው። የእኛ አዝማሪ ታንፑራ የለውም፤ መነሻው የሚገኘው ከስንኙ ማብቂያ ነው። ስለዚህ በ600ዎቹ ቅጂዎች ላይ የቅኝቱ ስም ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ሐረግ የሚያርፍበት ሰከንድና የሚያርፍበት ድምፅ ጆሮው በሰላ ማሲንቆ መቺና በመሪጌታ ተለይቶ ይጻፍበት፤ የሞዴሉም ውጤት በዚያ ይመዘን።