የኤሌክትሮን ጉዞ በመማሪያ ሥዕሎቻችን፦ ሒሳዊ ምልከታ

የሕዋስ አተነፋፈስን የሚያስተምሩ መጻሕፍት አንድ የተለመደ ሥዕል አላቸው። በሚቶኮንድሪያ የውስጥ ሽፋን ላይ አራት የፕሮቲን ስብስቦች በተርታ ይደረደራሉ፤ ኤሌክትሮን በቀስት እየተመራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በመጨረሻም ኦክስጅን ተቀብሎት ውሃ ይፈጠራል። ሥዕሉ እያንዳንዱ ስብስብ የት እንደሚገኝ በማሳየት ረገድ የሚመሰገን ነው፤ ለፈተናም ይመቻል። ይሁን እንጂ ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ ኤሌክትሮኑ ለምን ይጓዛል?

የመጀመሪያው ጉድለት በቅደም ተከተሉ ላይ ይታያል። አንደኛው ስብስብ ኤሌክትሮኑን ለሁለተኛው የሚያስረክብ ይመስላል። እውነታው ግን ሁለቱም በየፊናቸው ለዩቢኪኖን የሚያቀብሉ መሆናቸው ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት የሪዶክስ ፖቴንሻል መዘንጋቱ ነው። ቁጥሮቹ ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ርቀው በሠንጠረዥ ውስጥ ይቀራሉ። የኤንኤዲኤች መደበኛ ፖቴንሻል −0.32 ቮልት፣ የኦክስጅን ደግሞ +0.82 ቮልት ነው። ኤሌክትሮንን የሚስበው ይህ የ1.14 ቮልት ልዩነት ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲሻገሩትም በሞል 220 ኪሎጁል ያህል ኃይል ይለቀቃል። ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበው መላምት መሠረት፣ ይህ ኃይል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ባሻገር ያከማቻል፤ ኤቲፒ የሚሠራውም ፕሮቶኖቹ ሲመለሱ ነው። ይህ ልዩነት ያልታየበት ሥዕል፣ ወንዙን አሳይቶ ቁልቁለቱን እንደ መደበቅ ይቆጠራል።

ነገሩ የአሣሣል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸነው ነበር። ሳያናይድ በአራተኛው ስብስብ ውስጥ ያለውን ብረት ሲይዝ የኤሌክትሮኑ መውጫ ይዘጋል፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ተሸካሚዎች ሁሉ ኤሌክትሮን እንደያዙ ይቆማሉ። ኤንኤዲኤች ስለሚከማችም ፓይሩቬት ወደ ላክቴት ይለወጣል። ደሙ ኦክስጅን አድርሷል፤ ሕዋሱ ግን ሊጠቀምበት ስለማይችል ኦክስጅኑ በደም መልስ ተመልሶ ይሄዳል። በጣት ላይ የተደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 በመቶ እያሳየ ሕመምተኛው ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን ለእህል ነቀዝ ማጥፊያ የሚውለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚያመነጨው ፎስፊንም ይህንኑ ኢንዛይም ያውካል፤ ለእርሱ የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሥዕሉን በቃሉ የያዘ፣ ምክንያቱን ግን ያልተረዳ ሐኪም በመለኪያው ቁጥር ሊታለል ይችላል።

ሥዕሉ ይጣል አንልም። ከጎኑ የቮልት መለኪያ ይሰመርበት፤ ተሸካሚዎቹም ከላይ ወደ ታች እንደየፖቴንሻላቸው ይደርደሩ። መምህሩም ቀስቶቹን ከማስቆጠሩ በፊት፣ የመጨረሻው በር ቢዘጋ ከላይ ምን እንደሚከማች ተማሪዎቹን ይጠይቅ። መልሱን ያገኘ ተማሪ፣ ላክቴት ለምን እንደሚጨምር በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሲጠየቅ አይቸገርም።