ከሃምሳ በኋላ እንጨት መፈልፈል

ጀርመናዊቷ ኬቴ ኮልቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1920 የእንጨት ኅትመት ስትጀምር ዕድሜዋ ሃምሳን አልፎ ነበር። ያኔ በመዳብ ኅትመቷ ስሟ የታወቀ ሠዓሊ ናት። የኤርንስት ባርላኽን የእንጨት ኅትመቶች ካየች በኋላ ግን እንደ ማንም ጀማሪ መፈልፈያ አነሳች። ስለ እሷ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ ኀዘኗ ነው፤ ልጇ ፒተር በ1914 ቤልጂየም ውስጥ በጦርነት ሞቷል፣ ገና በ18 ዓመቱ። ኀዘኑ እውነት ነው። ግን ኀዘን ብቻውን ሥዕል አይሠራም። እኔን የሚገርመኝ መሣሪያዋን መለወጧ ነው።

ይህን የምለው ለጀማሪ አዋቂዎች በሚሰጥ የማታ ትምህርት ላይ ሊኖሊየም ስፈለፍል ከከረምኩ በኋላ ነው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ትፈለፍላላችሁ፣ የቀረውን በሮለር ቀለም ትቀባላችሁ፣ ወረቀት ታለብሱና በማንኪያ ጀርባ ታሻላችሁ። እርሳስ የያዘ ሰው መስመር ይጨምራል። እዚህ ግን ጥቁር መስመር ከፈለጋችሁ የምትቆርጡት ግራና ቀኙን ነው፤ መስመሩን ራሱን አትነኩትም። ምስሉ ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ለፊደላችን ይሄ ጉድ ነው፤ «ቀ» ብትገለበጥም ያቺው «ቀ» ናት፣ «ቁ» ግን ቅጥያዋን ወደ ግራ አዙራ ትመጣለች።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ የሠራሁትን ወደ ኋላ መመለስ ለምዶብኛል። የተፈለፈለ እንጨት ግን አይመለስም። አታሚዎች መሃል መሃል ላይ የሙከራ ቅጂ ያወጣሉ፤ ሰሌዳው ትናንት ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሰው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኮልቪትዝ። አብዮተኛው ካርል ሊብክኔኽት በጥር 1919 በርሊን ውስጥ ሲገደል አስከሬኑን ሣለች። ከዚያ በመዳብ ሞከረች፣ አላረካትም። በሊቶግራፍ ሞከረች፣ እሱም አላረካትም። በመጨረሻ በእንጨት ጨረሰችው። ለምን? እንደሚመስለኝ መዳብም ሊቶግራፍም ግራጫ ይፈቅዳሉ፤ ቀጭን መስመርና ለስላሳ ጥላ ይሰጣሉ፤ ተመልካቹም የእጅ ጥበቡን እያደነቀ ሟቹን ሊረሳ ይችላል። እንጨቱ ግን ነጩ ከፈን፣ ጥቁሩ ሕዝብ፣ ደረቱ ላይ ያረፈው ትልቅ የሠራተኛ እጅ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከሥር ሕያዋን ለሟቹ ያቀረቡት መታሰቢያ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አለ። ሰሌዳው ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚፈለፈለው፤ «ቁ»ን የሞከረ ሰው የዚያን ትዕግሥት ዋጋ ያውቀዋል።

በክፍላችን አንዲት ሴት «ታዲያ ዋናው የትኛው ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኅትመት ስናይ ብዙዎቻችን «ኮፒ» ብለን እናልፋለን። መልሱ ግን ዋና የሚባል የለም ነው። ሰሌዳው ሥዕሉ አይደለም፣ ማውጫው ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ሥራው ራሱ ነው። ለኮልቪትዝ ይሄ ጉድለት አልነበረም፤ ሥዕሏ በአንድ ሀብታም ሳሎን ታስሮ እንዲቀር የምትፈልግ ሰው አልነበረችማ።

«ጦርነት» የተሰኘው ባለ ሰባት ቅጠል ተከታታይ ሥራዋ በ1923 ታተመ። ሁሉም እኩል አይደሉም። «በጎ ፈቃደኞቹ» ላይ ሞት ከበሮ እየመታ ወጣቶቹን ይነዳል፣ ከራሳቸው በላይ የብርሃን ቅስት ተፈልፍሏል። ቅስቱ ለእኔ ትርፍ ነው፤ ፊታቸው የተናገረውን ደግሞ ያስረዳል። «ወላጆቹ» ጋ ስንደርስ እንዲህ ያለ ማብራሪያ የለም። ሁለት ሰዎች ተንበርክከዋል። አባትየው ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፣ እናትየው ጎንበስ ብላ ተደፍታበታለች። እሱ የት እንደሚያልቅ፣ እሷ የት እንደምትጀምር ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ሁለቱን ለመለየት ቀጭን ነጭ መስመር ይበቃ ነበር፤ አብዛኛውን ቦታ ሳትፈለፍለው ትታዋለች።