የዕለቱን ዳዊት ሳይመርጡ መድገም

አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ከኪዳን በኋላ መሪጌታውን ጠጋ ብሎ «የኔታ፣ ለፈተና የሚሆነው መዝሙር ስንተኛው ነው?» አላቸው።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያው ከ31 ጀምር፤ 60 ላይ አቁም።»

ወጣቱ ቅር አለው። ለፈውስ ይህ፣ ለመንገድ ያ እየተባለ መዝሙር የሚመደብበት ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መሪጌታው ግን ይህን ልማድ አጥብቀው ይቃወማሉ። የሚሟገቱት ለቆየው የሳምንት ድርሻ ነው፦ ሰኞ እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍም ዳዊት ነበር፤ እነዚህኑ አስከትሎ። የሳምንቱ ስንቅ ያኔም በአንድ ጥራዝ ይያዝ ነበር። ጊዜ ያጠረው ሰው አንድ ንጉሥ፣ አሥር መዝሙር፣ ይበቃዋል።

የሚመርጥ ሰው የሚያገኘው ቀድሞ በልቡ የነበረውን ነው፤ በተራ ለሚደግም ግን ያላሰበው ይመጣበታል። ውጤት ፈልጎ የመጣው ያ ወጣት 50ኛው ላይ ሲደርስ፣ ነቢዩ ናታን ከገሠጸው ከዳዊት ጋር ለንስሐ ይቆማል። ሐሙስ ደግሞ 87ኛው አለ። በዕብራይስጡ ቁጥር 88 ነው፤ በጨለማ ያልቃል፣ ማጽናኛ አልተጨመረበትም። ደስ ያለው ሰው በዚህ እንዴት ይጸልያል? በዚያች ሰዓት ሆስፒታል ስለተኛው፣ እስር ቤት ስላለው፣ ልጇን ስለቀበረችው እናት ነዋ! መዝሙር የሚመርጥ ሰው ይህን በፈቃዱ አያነሣውም፤ መሪጌታውን የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው።

በግጥም በሚደገመው ጸሎትም በኩል መሪጌታው ያው ናቸው። መልክአ ኢየሱስ በየአርኬው ሰላምታ እየሰጠ ከፀጉር እስከ ጥፍር ይወርዳል። ሐሳብ ሲባክን ግጥሙ ወደ ዓይን፣ ወደ እጅ ይመልሰዋል፤ እጅ ላይ የደረሰ ሰው ችንካሩን ሳያስብ አያልፍም። ቤት መምታቱም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ያለ መጽሐፍ በቃላቸው የሚወጡት ስንኙ እየመራቸው ነው። እዚህም ከመካከል መርጦ መቁረጥን አይወዱም።

የመሪጌታው እናት ያረፉት ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜው ድርሻ የመጨረሻ ስድስት መዝሙሮች ምስጋና ብቻ ናቸው። ዘመድ ለኀዘን የሚስማማ እንዲመርጡ ቢለምናቸውም ከ131 ጀምረው ቀጠሉ። ከበሮውና መሰንቆው የሚጠራበት 150ኛው ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ተቀብለው ጨረሱላቸው። ማመስገን ከአቅማቸው በላይ በሆነበት ቀን የምስጋናውን ቃል ያቀበላቸው ተራው እንደሆነ እስከ ዛሬ ያምናሉ።

ዝርዝር የያዘ ወጣት እስቲ አንድ ሳምንት በተራ ይድገም፤ ሐሙስ ሲደርስም 87ኛውን አይዝለል።