ሁለተኛ ባለቤት

ኦክስፎርድ ውስጥ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለው የእርዳታ ድርጅቱ የኦክስፋም ሱቅ ሥራ የጀመረው፣ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ጦርነት ያደቀቃትን ግሪክ ለመርዳት በቀረበው ጥሪ የተሰበሰበው ልብስ ከሚፈለገው በላይ ሆነ፤ የተረፈው ተሸጦ ገንዘቡ ለእርዳታ ዋለ። ዛሬ የበጎ አድራጎት ሱቅ የሌለበት የብሪታንያ ገበያ ጎዳና ማግኘት ይከብዳል።

እኔን የሚማርከኝ ከሱቁ ጓሮ ያለው ሥራ ነው። ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ሰው የለገሰውን የልብስ ከረጢት ይዘረግፋሉ፤ ዚፑን ይሞክራሉ፣ ቁልፉን ይቆጥራሉ፣ ብብቱን ሳይቀር ያያሉ (ይህን ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ምስጋና ይገባዋል)፤ ከዚያ በእንፋሎት ይተኩሳሉ። ኦክስፋም በ1974 ሀደርስፊልድ ላይ ዌስትሴቨር የተባለ መለያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሊለበስ የማይችለው ተቦጫጭቆ የፍራሽ መሙያ እስከመሆን ይደርሳል። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ያው ቲሸርት ሁለተኛ ባለቤት አግኝቶ አዲስ መግዛት ሲቀር፣ ያ ሁሉ ውሃ ተረፈ ማለት ነው።

ሁሉም ያማረ ግን አይደለም። ከብሪታንያ የሚወጣው አሮጌ ልብስ ከፊሉ ጋና ውስጥ አክራ፣ ካንታማንቶ ገበያ ይደርሳል፤ የማይረባው እዚያው ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ በአብዛኛው የርካሽ ፋሽን ነው እላለሁ።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ ልብሱን አጥባችሁ፣ ጫማውን ከጥንዱ ጋር አስራችሁ ስጡ። ለጎረቤት ለመስጠት የሚያሳፍራችሁን ግን ሱቁ በር ላይ አትጣሉ።